የመላጫ ብሩሽ፣ አባ ሰንጋ እና የፋቂው እጅ

በወላይታ ሶዶ ከቆዩት ጸጉር ቤቶች በአንዱ፣ ከመስታወቱ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ፣ ጸጉሯ የሳሳ፣ እጀታዋ የወየበ አንዲት የጢም ብሩሽ ብትገኝ ማንም አይገረምም። ቶንዶዝ ሳይለመድ፣ በቆርቆሮ የታሸገ አረፋም ሳይመጣ፣ የላጭ ሥራ የሚጀምረው በእሷ ነበር። ሳሙና በኩባያ ይበጠበጣል፣ ብሩሿ ትዞራለች፣ አረፋው ጉንጭና አገጭ ላይ ይቀባል፤ ከዚያ ምላጩ ይከተላል። ዛሬ ያቺ ብሩሽ ፈላጊ የላትም። ቆራሌው በሰፈር እየጮኸ ሲያልፍ ከደረቀ ባትሪና ከተሰነጠቀ ባልዲ ጋር ተጠቅልላ ትሄዳለች።

በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ለእንዲህ ዓይነቷ ብሩሽ ፈላጊ አለ። አሮጌ የመላጫ ብሩሽ የሚሰበስቡ፣ የሚጠግኑ፣ መልሰው የሚጠቀሙበትም ሰዎች ብዙ ናቸው። ከአጥንት፣ ከቀንድ፣ ከእንጨት ወይም ከቀደምት ፕላስቲክ የተሠራውን እጀታ ያጥቡታል፤ ስንጥቁን ይሞላሉ፤ ይወለውሉታል። የረገፈውን የጸጉር እስር ከሥሩ ነቅለው በምትኩ አዲስ ይተክሉና በማጣበቂያ ያጸኑታል። የጥገናው ደንብ ባጭሩ፦ እጀታው ይጠበቃል፣ ጸጉሩ ይለወጣል።

ጸጉሩ የሚለወጥበት አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ አርጅቶ ይረግፋል። ሌላው ምክንያት ግን ከመቶ ዓመት በፊት ሰው የገደለ ታሪክ ነው። ያ ታሪክ ከሩቅ አገር ቢጀምርም ወላይታ ድረስ የሚዘልቅ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ከእንስሳ ገላ የሚወጣ ዕቃ ሲያምርና ሲረክስ፣ ዋጋውን በሕይወቱ የሚከፍለው ማን ነው?

የባጀር ጸጉር እና አስመሳዩ

የመላጫ ብሩሽ ለአበሻ እንግዳ ዕቃ አይደለም፤ ዘመዱ ጭራ ነው። ጭራ ማለት የፈረስ ጭራ ከእጀታ ጋር ታስሮ ዝንብ የሚባረርበት፣ የመኳንንትና የካህናት እጅ የማይለየው ዕቃ ነው። የብሩሽም ሥራ ያው ነው፤ የእንስሳ ጸጉር ይሰበሰባል፣ ይመረጣል፣ ይታሰራል፣ ከእጀታ ይገባል።

ለጢም ብሩሽ ከሁሉ የሚወደደው ባጀር የተባለው የዱር እንስሳ ጸጉር ነው። ውኃ ይይዛል፣ ጫፉም ለፊት ይለሰልሳል። ፈረንሳዮች የእንስሳውንም የብሩሹንም ስም አንድ አድርገው ሁለቱንም ብሌሮ ይላሉ። አቅም የሌለው የአሳማ ወይም የፈረስ ጸጉር ይገዛል። ከ1ኛው የዓለም ጦርነት በፊት አብዛኛው ጸጉር ወደ እንግሊዝና አሜሪካ ብሩሽ ሠሪዎች የሚደርሰው በአውሮፓ አልፎ ነበር። እዚያ ይታጠባል፣ ይመረጣል፣ ከተሕዋስያን እንዲጸዳም ይደረጋል።

እ.ኤ.አ. በ1914 ጦርነቱ ሲነሣ ይህ መንገድ ተዘጋ። የጢም ብሩሽ ፈላጊው ግን ጨመረ። የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ፊት ላይ በደንብ እንዲገጥም ወታደሩ መላጨት ነበረበት። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1918 ብቻ ከጂሌት ኩባንያ 3.5 ሚሊዮን መላጫና 32 ሚሊዮን ምላጭ ለወታደሮቹ አዘዘ። ምላጭ ያለ አረፋ፣ አረፋም ያለ ብሩሽ አይሆንም፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ብሩሽ በጥድፊያ ተፈለገ።

ነጋዴው መላ አላጣም። ከቻይና፣ ከጃፓንና ከሩሲያ በርካሽ የፈረስ ጸጉር አስመጣ። ጸጉሩ እየነጣና እየተቀባ ባጀር እንዲመስል ተደረገ። ገዢው ሲያየው የከበርቴ ብሩሽ ነው፤ በእጁ የያዘው ግን ከየትኛው ፈረስ እንደተቆረጠ፣ ፈረሱም በምን እንደሞተ ማንም የማያውቀው ጸጉር ነበር። ቀድሞ በመንገድ ላይ ይደረግ የነበረው ማጽዳት ለብዙው ጸጉር ቀረ፤ ወይም ለይስሙላ ተደረገ።

ከ1915 ጀምሮ በእንግሊዝም በአሜሪካም ሐኪሞች አንድ ነገር አስተዋሉ። ከብት ጠብቆ የማያውቅ፣ ቆዳ ነክቶ የማያውቅ ሰው ፊቱ ወይም አንገቱ ላይ ብጉር የመሰለ ነገር ያወጣል፤ ብጉሩ ይቆስላል፤ መሐሉ እንደ ከሰል ይጠቁራል፤ ዙሪያው ያብጣል፤ አንዳንዱም በቀናት ውስጥ ይሞታል። ምርመራው ወደ አዲሱ ብሩሹ አመለከተ። ምላጭ የጫረው ቆዳ በር ሆኖ በሽታውን አስገብቶታል። ከ1915 እስከ 1924 ባለው ጊዜ በሁለቱ አገሮች በወታደሩና በሲቪሉ መካከል በዚህ መንገድ የታመሙት ከ200 በላይ ነበሩ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1920 ከጃፓን የሚመጣ የመላጫ ብሩሽ ወደ አገሯ እንዳይገባ ከለከለች።

በሽታው የወላይታ ገበሬ አሳምሮ የሚያውቀው ነው። በአማርኛ ስሙ አባ ሰንጋ ነው።

ከብሩሹ በፊት የሞቱት

አባ ሰንጋን የሚያመጣው ባክቴሪያ እንስሳው ሞቶ አየር ሲያገኘው ራሱን በጠንካራ ልባስ ይሸፍናል። ባለሙያዎች ይህንን ስፖር ይሉታል። ስፖሩ በአፈር፣ በጸጉርና በቆዳ ላይ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። የእንግሊዝ ጦር በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ ግሩናርድ በተባለች ትንሽ የስኮትላንድ ደሴት ላይ በአባ ሰንጋ ሙከራ አደረገ። ደሴቲቱ በ1986 አፈሯ በፎርማልዲሃይድ እስኪታጠብ ድረስ ሰው አልኖረባትም፤ ሰላማዊ ናት ተብሎ የታወጀውም በ1990 ነው። አንድ ሙከራ ደሴቲቱን 48 ዓመት ዘግቷታል።

እንግሊዝ ይህንን በሽታ ከብሩሹ በፊት ታውቀው ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን በብራድፎርድ ከተማ የሱፍ ፋብሪካዎች ከቱርክ የአንጎራ ፍየል ጸጉር፣ ከፔሩ የአልፓካ ጸጉር ያስመጡ ነበር። እስሩን ፈትተው ጸጉሩን የሚለዩት ሠራተኞች አቧራውን ይተነፍሱታል። ሰኞ ደህና ሆኖ ሥራ የገባ ሰው ሳምንቱ ሳያልቅ ይቀበራል። ስሙንም የሱፍ ለዪዎች በሽታ አሉት። ጀርመናዊው ሮበርት ኮህ የባክቴሪያውን የሕይወት ዑደት እ.ኤ.አ. በ1876 አስረዳ። የብራድፎርዱ ሐኪም ጆን ሄንሪ ቤል ደግሞ በ1880 ገደማ የሠራተኞቹ ገዳይ ይኸው አባ ሰንጋ መሆኑን አሳየ። ከዚያ በኋላ ደንብ መውጣቱ አልቀረም፤ ሞቱ ግን አልቆመም። ወደ አገር የሚገባውን አደገኛ ሱፍ በመንግሥት ጣቢያ ማጽዳት የሚያስችለው ሕግ የወጣው በ1919፣ በሊቨርፑል ጣቢያው ሥራ የጀመረው በ1921 ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስተዛዝባል። የሠራተኛው ሳንባ ገዳዩ ከታወቀ በኋላ 40 ዓመት ጠበቀ። የገዢው ፊት ግን 5 ዓመት ብቻ ጠበቀ። የሱፍ ለዪው ሞት የሥራው ዕጣ ተደርጎ ታየ፤ የተላጨው ሰው ቁስል ግን የአገር ጉዳይ ሆነ።

ክፉ ቀን እና ወላይታ

ጦርነት፣ ርካሽ የእንስሳ ንግድና በሽታ አብረው ሲሄዱ ኢትዮጵያ ከአውሮፓ ቀድማ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1887 የኢጣሊያ ጦር ለስንቅና ለጭነት ከባሕር ማዶ ከብት ወደ ምጽዋ አስገባ። ከከብቱ ጋር የደስታ በሽታ ገባ። የአገሪቱ ከብት አብዛኛው አለቀ፤ በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ ተሳነው፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ዘመን ክፉ ቀን ተባለ።

የዚያ እልቂት ጥላ ወላይታ ላይም አርፏል። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በካዎ ጦና ላይ ሲዘምቱ ወላይታ በእርሻዋና በከብቷ የታወቀች አገር ነበረች። ከዘመቻው ጋር አብሮ የሄደው ፈረንሳዊ ቫንደርሃይም እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመው መጽሐፉ የእልቂቱን ብዛትና የተነዳውን ከብት መዝግቧል። የታሪክ ጸሐፊዎችም የዘመቻውን ምክንያቶች ሲቆጥሩ፣ በሰሜንና በመሐል አገር ያለቀውን ከብት መተካት ከመካከላቸው አንዱ እንደነበር ያነሣሉ። ምጽዋ ላይ ያለ ምርመራ ለገባ ከብት የዋጋው አንድ ክፍል የተከፈለው በዳሞታ ተራራ ሥር ነው።

ላጭ እና ፋቂ

አማርኛ ስለዚህ ጉዳይ በሁለት ቃላት ብዙ ይናገራል። የሰውን ፊት በስለት የሚያነሣ ላጭ ይባላል። የእንስሳን ቆዳ በስለት የሚያነሣ ፋቂ ይባላል። የእጃቸው እንቅስቃሴ የሚለያየው በጥቂቱ ነው። ላጭ ግን የሙያ ስም ሆኖ ቀረ፤ ፋቂ ስድብ ሆነ።

በወላይታም ነገሩ ከዚህ አይለይም። ሸክላ ሠሪው ጪናሻ፣ ቆዳ ሠራተኛው ደገላ ተብሎ ከሌላው ይለያል። አይጋባም፤ ከሌላው ጋር ማዕድ አይቀርብም፤ መሬትም እንደሌላው አልነበረውም። ሰበቡ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ በክት ይነካል፣ በክት ይበላል የሚል ነው። ግን የሞተውን ከብት ከደጁ አንሥቶለት፣ ቆዳውን ገፎ፣ ፍቆና አለፋልፎ የሚመልስለት ሰው ያስፈልገው የነበረው ባለ ከብቱ ራሱ ነው። መኝታው ጀንዲ፣ የእህሉ መያዣ አቅማዳ፣ ልጁ የሚታዘልበት አንቀልባ፣ የበዓሉ ከበሮ ከፋቂው እጅ ይወጣል። ማኅበረሰቡ አደገኛውን ሥራ ለእነዚህ ሰዎች ሰጠ፤ ቀጥሎም ሥራውን ስለሠሩ ናቃቸው። አባ ሰንጋ በገደለው በሬ ላይ መጀመሪያ ቢላ የሚያሳርፈው እጅም የእነሱ ነበር።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም መሬት ላልነበረው ሁሉ የማረስ መብት ሰጠ። ሕጉ እንዲህ ተለወጠ። በጋብቻና በማዕድ ያለው ግንብ ግን በአዋጅ ቀን አይፈርስም፤ ስድቡም ዛሬ ድረስ ከአፍ አልጠፋም።

የፋቂው መሣሪያ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ከወላይታ ጎረቤት ከጋሞ አንሥቶ እስከ ሐድያና ኮንሶ ድረስ ቆዳን በድንጋይ ስለት የሚፍቁ ባለሙያዎች እስከ ቅርብ ዘመን ሲሠሩ ተመዝግበዋል፤ በኮንሶ ሙያው የሴቶች ነው። የመሣሪያውን አሠራር በአድናቆት ያጠኑት አርኪዮሎጂስቶች ናቸው። ባለሙያዋ ባልጩቱን ጠርባ በእንጨት እጀታ ላይ በሙጫ ታጸናዋለች። ስለቱ ሲዶለዱም መልሳ ትስለዋለች፤ ሲያልቅ ነቅላ በአዲስ ትተካዋለች። እጀታው ግን ይቆያል። ለንደን ውስጥ የአያቱን ብሩሽ የሚጠግን ሰው የሚከተለው ደንብ ይኸው ነው፦ እጀታው ይጠበቃል፣ ጫፉ ይለወጣል።

የዚህ ጥበብ ሥር ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ለማየት ከሶዶ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በዳሞታ ተራራ ምዕራባዊ ጎን ሞቼና ቦራጎ የሚባል ዋሻ አለ። እዚያ በተደረገ ቁፋሮ ከባልጩት የተሠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ወጥተዋል፤ የታችኛው ንብርብር ዕድሜው ከ50,000 ዓመት ይበልጣል። ለዋሻው ከዓለም ዙሪያ ተመራማሪ ይመጣል፤ ይገባዋልም። ድንጋይ ጠርቦ ስለት የማውጣትን ዕውቀት እስከ ቅርብ ዘመን በእጃቸው ያቆዩትን ባለሙያዎች ግን የገዛ ጎረቤታቸው በስድብ ይጠራቸዋል።

የሞተው በሬ እና የሚያጓጓው ዋጋ

አባ ሰንጋ ከኢትዮጵያ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2015 የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በአገር ደረጃ ተሰብስበው ከእንስሳ ወደ ሰው ከሚተላለፉት ውስጥ ቅድሚያ የሚሹ አምስት በሽታዎችን ሲመርጡ፣ ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር አባ ሰንጋም በዝርዝሩ ገብቷል። ክትባት አለ። በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። በሶዶም የአካባቢው የእንስሳት በሽታ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ አለ። ኢትዮጵያ ክፉ ቀንን ያመጣውን የደስታ በሽታ በክትባትና በክትትል አሸንፋ እ.ኤ.አ. በ2008 ነጻ መሆኗ ተረጋግጧል፤ በ2011 ደግሞ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። አባ ሰንጋን ግን ስፖሩ አፈር ውስጥ ስለሚቀመጥ እንደዚያ መጨረስ ከባድ ነው፤ ክትባቱ በየዓመቱ መደገም አለበት።

ፈተናው ያለው በሬው በሞተበት ጠዋት ነው። አንድ በሬ ያለው ገበሬ በሬው ማታ በልቶ አድሮ ጠዋት ሞቶ ያገኘዋል። በአፍንጫውና በኋላው የወጣው ደም ጠቁሯል፣ አልረጋም። ባለሙያው የሚለው የታወቀ ነው፦ አትክፈተው፣ ቆዳውን አትግፈፈው፣ ሥጋውን አትብላው፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገር፣ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ለገበሬው ግን ያ በሬ እርሻው፣ ዕቁቡ፣ የልጆቹ ትምህርት ነው። ቆዳውን የሚገዛ አለ፤ ሥጋውንም በርካሽ የሚወስድ አይጠፋም። መስቀልና ጊፋታ ሲቃረቡ፣ ቅርጫ የሚገባው ሁሉ በሬ ሲፈልግ፣ ጉጉቱ ይብሳል።

የፈረስ ጸጉር ቀብቶ ባጀር ብሎ የሸጠው ነጋዴና ይህ ገበሬ አንድ አይደሉም። ነጋዴው ያሳሳተው ለትርፍ ነው፤ ገበሬው የሚፈተነው በኪሳራ ነው። ዕቃው የሚጓዝበት መንገድ ግን ይመሳሰላል። ርካሽ ሆኖ ይነሣል፣ ሳይመረመር ያልፋል፣ መጨረሻ ላይ ከየት እንደመጣ በማያውቅ ሰው ቤት ይደርሳል። ስለዚህ ገበሬውን መምከር ብቻ አይበቃም። ክትባቱ በሬው ሳይሞት ቀበሌው ድረስ መድረስ አለበት፤ የሞተበትን የሚያስነሣ እጅ፣ ዕቁብም ይሁን ዕድር ወይም መንግሥት፣ መዘርጋት አለበት። ያለዚያ «አትንካው» ማለት ለራበው ሰው ምክር ከመስጠት አይለይም።

አደጋው የሩቅ ዘመን ወሬ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ሁለት አጋጣሚዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በኒው ዮርክ አንድ ከበሮ ሠሪ ከምዕራብ አፍሪካ ካመጣው የፍየል ቆዳ በአባ ሰንጋ ታሞ በሕክምና ተረፈ። በ2008 ደግሞ በለንደን አንድ ከበሮ ሠሪ በዚሁ በሽታ ሞተ። ሁለቱም ቆዳ የሚፍቁ፣ የሚወጥሩ እጆች ነበሩ። በቆዳ ላይ የሚወጣው የአባ ሰንጋ ቁስል ቶሎ ከታወቀ በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይድናል። ብዙ ጊዜ አያምም፤ ማዘናጋቱም በዚያ ነው። መሐሉ የጠቆረ የማያም ቁስል ያወጣ ከብት ነኪ ጤና ጣቢያ መሄድን ለነገ ማሳደር የለበትም።

ወደ መሳቢያው መመለስ

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 የብሩሹን ታሪክ እንደገና ጽፈውታል። ያነሣሣቸው አሮጌና ከእንስሳ ጸጉር የተሠራ ብሩሽ እንደገና ፋሽን መሆኑ ነው። ዛሬ ላይ አደጋው አነስተኛ ነው፤ ጨርሶ የለም ማለት ግን አይቻልም። ሙቅ ውኃና ሳሙና ደግሞ ለስፖር አይበቃም። ለሰብሳቢው የሚበጀው መንገድ ታዲያ ቀላል ነው። ምንጩ ያልታወቀ አሮጌ ጸጉር ፊት አይነካም፤ አቧራውም እንዲነሣ በደረቁ አይበሳም፣ አይፈተግም። በመደርደሪያ የሚቀመጥ ከሆነ እንዳለ ይቀመጥ፤ ለመላጨት ከሆነ በአዲስ ጸጉር ይተካ።

የሶዶው ላጭ መሳቢያ ውስጥ ያለችው ብሩሽም ከቆራሌው ጆንያ ብትተርፍ ጥሩ ነው። ከጎኗ ደግሞ የፋቂው የእንጨት እጀታ፣ ሙጫውና ባልጩቱ ይቀመጥ። ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ ሆነው ሥራቸው በአንድ ቋንቋ ቢጻፍ፣ ከትምህርት ቤት የመጣ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዕቃዎቹ ዕድሜ ይሆናል። ቀጥሎ የሚጠይቀው ስለ ሠሪዎቹ ነው። ለዚያ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ስድብ የሌለበት እንዲሆን የዛሬዎቹ አዋቂዎች ከአሁኑ ቢዘጋጁበት መልካም ነው።